አርባ ልጆችን የተቀበለች አገር ለአርመኖች የዘር ጭፍጨፋ እውቅና ያልሰጠችው ለምንድን ነው?

የፒያሳ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገ ሚያዝያ 16 ነው። አርመኖች በያሉበት ሙታናቸውን የሚያስቡበት ቀን። ዓመት በመጣ ቁጥር የሚከነክነኝን ነገር ዘንድሮ እዚህ ላምጣው ብያለሁ። ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።

ታሪኩን ለማያውቅ በአጭሩ ላስቀምጠው። ኤፕሪል 24 ቀን 1915 የዛሬዋ ቱርክ ቀዳሚ የነበረው የኦቶማን መንግሥት ፖሊስ ቁስጥንጥንያ (የዛሬዋ ኢስታንቡል) ውስጥ ከ200 በላይ የአርመን ጸሐፊዎችን፣ ጋዜጠኞችን፣ ሐኪሞችንና ካህናትን ከየቤታቸው ለቀመ። አብዛኞቹ አልተመለሱም። ከዚያ ነገሩ ወደ ገጠሩ ወረደ። ወንዶቹን እየለዩ ገደሏቸው። ሴቱ፣ ሕፃኑና ሽማግሌው በእግሩ ወደ ሶርያ በረሃ፣ ወደ ዴር ኤዝ ዞር ተነዳ። መንገድ ላይ በረሃብ፣ በውኃ ጥም፣ በበሽታና በዘራፊ አለቀ። የሟቹን ቁጥር ዝቅ የሚያደርጉት 600 ሺህ ይላሉ። ከፍ የሚያደርጉት ደግሞ 1.5 ሚሊዮን።

እኛን የሚነካው እዚህ ጋ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ለአውሮፓ ጉብኝት ሲወጡ ኢየሩሳሌም ገቡ። እዚያ በአርመኖቹ ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ መሣሪያ ማርሽ ሲነፉ አዩ። ልጆቹ ከጭፍጨፋው የተረፉ ነበሩ። ራስ ተፈሪ ከአርመኑ ፓትርያርክ ጋር ተስማምተው አርባውን ወደ አገራችን አመጧቸው። ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡ «አርባ ልጆች» አላቸው፣ ስማቸው በዚያው ጸና። መሪያቸው የነበሩት ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን ደረሱ፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ጻፉ። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ላይ ተዘመረ። ንጉሡ እስኪወርዱ ድረስ አባቶቻችን ደረታቸውን ነፍተው የቆሙለት መዝሙር ይህ ነው። ከሞት ያመለጠ ሰው የደረሰልን መዝሙር።

ሌላም አለ። የ1948ቱን የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክል ዓለም አቀፍ ስምምነት ከዓለም ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ ጁላይ 1 ቀን 1949። ዛሬ ግን ለአርመኖቹ ጭፍጨፋ በመንግሥት ደረጃ እውቅና ከሰጡት ከ30 በላይ አገሮች ውስጥ ስሟ የለም። ኡራጓይ በ1965 ሰጥታለች። ቱርክ የት እንዳለች በካርታ ላይ ፈልጎ የሚያገኝ ብዙ ሰው ባልነበረበት አገር!

እኔ ፓርላማችን እውቅና መስጠት አለበት ባይ ነኝ። እናንተስ?


አድማስ 7፦

ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ልብ ይነካል። ግን በግልጽ ልናገር። አገር በልብ አይመራም።

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያን ሐዲድ የዘረጋው የቱርክ ኩባንያ ነው። የቱርክ ፋብሪካ ስንቱን ልጅ እንደቀጠረ በሰበታና በዱከም መንገድ የሚመላለስ ያውቃል። በዲሴምበር 2024 ከሶማሊያ ጋር የገባንበት ጭቅጭቅ የበረደው አንካራ ላይ ነው፣ መሐል ገብተው ያስማሙት ደግሞ ኤርዶዋን ናቸው። እንዲህ ያለ ወዳጅ ፊት ቆመህ «አያቶችህ ዘር አጥፍተዋል» የሚል ውሳኔ ታነብለታለህ? ፈረንሳይ በ2001፣ ጀርመን በ2016 ሲወስኑ ቱርክ አምባሳደሮቿን ጠርታለች። እነሱ ይችሉታል። እኛ ውጭ ምንዛሪ የምንለቅም ሰዎች ምን አቅም አለን?

አርመኖቹን ተቀብለን አሳደርን። ያ አይበቃም? ወረቀት ምን ይጨምራል?


የሰንጋ ተራው፦

ልጆቼ፣ አርመኖችን በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልበል።

በእኛ ጊዜ አርመን ባዕድ አልነበረም። የሰርኪስን ባቡር የማያውቅ አለ? ያንን በእንፋሎት የሚሄድ ትልቅ ማሽን ገና በምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ያስገባው ሰርኪስ ተርዚያን አርመን ነው። ወርቅ ሠሪው፣ ፎቶ አንሺው፣ ጫማ ሰፊው፣ ልብስ ሰፊው አርመን ነበር። የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ስንቱን ሙዚቀኛ አሠልጥነዋል። ፒያሳ ያለው የአርመኖቹ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ አለ። ሃይማኖታችንም ወንድማማች ነው፣ በአንድ ማዕድ የሚቆርቡ አብያተ ክርስቲያናት ነን።

ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት አርመን ሴትዮ ሳሎናቸው ውስጥ ከመስቀሉ ሥር የተራራ ሥዕል ሰቅለው ነበር። ጫፉ በረዶ የለበሰ ነው። ልጅ ሆኜ ምንድን ነው ስላቸው «አራራት» አሉኝ። አገርዎ ነው ስላቸው «ከአገራችን ይታያል፣ ግን የእኛ አይደለም» አሉና ሻይ ሊያፈሉ ተነሡ። ከዚያ በላይ አንድም ቀን አልተናገሩም። አማርኛቸው ከእኛ የጠራ፣ ሽሮአቸው የታወቀ ሴት ነበሩ። ስለ እናትና አባታቸው ሲጠየቁ ግን ወሬ ይቀይራሉ።

ደርግ ቤቱንም ሱቁንም ሲወርስ ወደ ካናዳ ሄዱ፣ እንደ ብዙዎቹ። በሺህ ይቆጠር የነበረው ማኅበረሰብ ዛሬ መቶ አይሞላም ይባላል።

አድማስ ልጄ፣ ማሳደር ትልቅ ነገር ነው። ግን እኒያን ሴትዮ አሳድረን ለምን እንደመጡ አንድ ቀን እንኳ በአደባባይ አልተናገርንላቸውም።


ነገረ ሕግ፦

አድማስ ያነሳው መከራከሪያ አሜሪካን ራሷን ለአሥርት ዓመታት አፏን ያስያዛት ነው። ስለዚህ እሷ ጋ እንዴት እንደሄደ ማየት ይጠቅማል።

ዋሽንግተን አላውቅም ነበር ልትል አትችልም። በቁስጥንጥንያ አምባሳደሯ የነበሩት ሄንሪ ሞርገንታው ገና በጁላይ 1915 በቴሌግራም አሳውቀዋል፤ ሕዝብን ከዘሩ የማጥፋት ዘመቻ እየተካሄደ ነው ብለው። የአሜሪካ ሕዝብም ገንዘብ አዋጥቶ ላከ። የቅርብ ምሥራቅ ርዳታ ድርጅት የሚባለው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ከ100 ሺህ በላይ ወላጅ አልባ ልጆችን ረድቷል። የያኔው 100 ሚሊዮን ማለት ምን እንደሆነ አስቡት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቱርክ የኔቶ አባል ሆነች፣ ኢንጅርሊክ ላይ የአሜሪካ አየር ኃይል ሰፈረ። ከዚያ በኋላ ያ የታወቀ ነገር የማይነገር ሆነ። ሬገን በ1981 በአንድ መግለጫቸው ጠቅሰውት ነበር፣ መንግሥታቸው ግን መልሶ አለሳለሰው። በ2000 እውቅና የሚሰጥ የውሳኔ ሐሳብ ለምክር ቤት ድምፅ ሊቀርብ ሲል ክሊንተን ጠይቀው አስቆሙት። በ2005 በአርሜንያ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ጆን ኢቫንስ የዘር ማጥፋት ነው ብለው በአደባባይ በመናገራቸው ከቦታቸው ለቀቁ። በ2007 ኮሚቴው 27 ለ21 አሳለፈው፣ ቡሽ ተቃወሙ፣ ቀረ። ኦባማ ሲወዳደሩ ቃል ገቡ፣ ሲመረጡ ግን ስምንቱን ዓመት ሙሉ በዙሪያው ሲሽከረከሩ ከረሙ።

ኦክቶበር 29 ቀን 2019 የተወካዮች ምክር ቤቱ 405 ለ11 ወሰነ። በዲሴምበር ሴኔቱ ያለ ተቃውሞ አጸደቀው። ኤፕሪል 24 ቀን 2021 ባይደን በፕሬዚዳንት ደረጃ አወጁት። ታዲያ ምን ሆነ? አንካራ የአሜሪካን አምባሳደር ጠርታ ወቀሰች። ኢንጅርሊክ አልተዘጋም። ቱርክም ከኔቶ አልወጣችም። ንግዱም ቀጠለ። ለዓመታት ትልቁ ማስፈራሪያ የነበረው ነገር በሳምንታት ውስጥ ተረሳ።

ስለ ሕጉም ግልጽ እንሁን። የ1948ቱ ስምምነት ወደ ኋላ ሄዶ 1915ን አይዳኝም። የፓርላማ እውቅና በራሱ ካሳ አያስከፍልም፣ ማንንም አያስርም። ካሳ የተገኘውም በሌላ መንገድ ነው። አንድ ትልቅ የኒው ዮርክ የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ከጦርነቱ በፊት ለአርመኖች ለሸጠው ፖሊሲ በ2004 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፣ ያውም ወራሾቹ በፍርድ ቤት ከተሟገቱ በኋላ። ስለዚህ ፓርላማችን ቢወስን ቱርክ አንድ ሊራ አትከፍልም። ልትፈራው የሚገባ ዕዳ የለም።


የቤይሩቷ፦

እኔ ሕጉን አላውቅም። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ።

ቤይሩት ለዓመታት የሠራሁት አርመን ቤት ነው። የአርመኖቹን ሰፈር ቡርጅ ሐሙድን የሚያውቅ ሐበሻ እዚህ ብዙ አለ። እሑድ እሑድ በርበሬና እንጀራ የምንፈልገው እዚያ ነው። ሰፈሮቹ ማራሽ፣ አዳና፣ ሲስ ይባላሉ። መጀመሪያ የአረብኛ ስም መስሎኝ ነበር። የተባረሩባቸው ከተሞች ስም ነው።

የእመቤቴ እናት አሮጊት ነበሩ። ቁራሽ ዳቦ መሬት ላይ ካዩ በዚያ ወገባቸው ጎንበስ ብለው ያነሡና ስመው መስኮቱ ላይ ያስቀምጡታል። የሻገተ ዳቦ እንኳ አያስጥሉኝም። ልጃቸው ትቆጣለች፣ እሳቸው አይሰሙም። አንድ ቀን በምልክትም በአረብኛም እያደረጉ አስረዱኝ። እናታቸው ከማራሽ በእግሯ ስትነዳ ልጅ ነበረች። ታናሽ ወንድሟን መንገድ ላይ ትታዋለች። ሞቶ አይደለም፣ መራመድ አቅቶት ነው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተቀየረም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

በሚያዝያ 16 ይዘውኝ ወደ አንቴልያስ ሄዱ። የካቶሊኮሱ፣ የቤተ ክርስቲያን አባታቸው፣ መንበር ያለበት ግቢ ነው። ትንሽ ጸሎት ቤት አለች፣ ውስጧ መስተዋት አለ፣ ከመስተዋቱ ጀርባ አጥንት። ከዴር ኤዝ ዞር በረሃ የተለቀመ የሰው አጥንት፣ የራስ ቅል። ሰው ሁሉ በሰልፍ ይገባል፣ መስተዋቱን ይነካል፣ ያማትባል፣ ይወጣል። ትንንሽ ልጆች ሳይቀሩ። አጥንቱን እያየሁ ቅዱሳን ናቸው አሉኝ። በኋላ ስሰማ ቤተ ክርስቲያናቸው በ2015 በመቶኛ ዓመቱ ዋዜማ የሞቱትን ሁሉ ቅዱሳን ብላ አውጃለች። ለእኛ ለኦርቶዶክሶቹ እህት ቤተ ክርስቲያን ያወጀቻቸው ሰማዕታት ናቸው ማለት ነው።

ሐበሻ መሆኔን የሚያውቁ ሽማግሌዎች «ንጉሣችሁ ልጆቻችንን ወሰደ» ይሉኝ ነበር፣ በፍቅር። አንዱ «ታዲያ መንግሥታችሁ በሊባኖስ እንደተደረገው መስክሯል?» አለኝ። የሊባኖስ ፓርላማ እውቅና ሰጥቷል። የኛ አልሰጠም አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «አርባ ልጅ ያየ ሰው ግን ያውቃል» አለኝ። አድማስ ወንድሜ፣ ወረቀት ምን ይጨምራል ላልከው እኔ ያለኝ መልስ ይህ ነው። እዚያ ቆመህ አልሰጠንም ማለት ያሳፍራል።


ጎህ ሲቀድ፦

ሁላችሁንም አነበብኩ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያንገበግበኝ። የእኛን ማን አወቀልን?

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የፋሽስት ጥቁር ሸሚዞች በአካፋና በዶማ ሳይቀር ሰው ጨፈጨፉ። ሰው ውስጡ እያለ ቤት አቃጠሉ። መንግሥታችን ያቀረበው ቁጥር 30 ሺህ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ደብረ ሊባኖስ ላይ መነኮሳቱን ፈጁ። የጣሊያን ፓርላማ ለዚህ የዘር ማጥፋት እውቅና ሰጥቶ አያውቅም። እንዲያውም በ2012 አፊሌ የምትባል ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሠራች።

ይኸው የጣሊያን ፓርላማ ግን በ2019 ለአርመኖቹ እውቅና እንዲሰጥ ወስኗል! የሌላውን ያያል፣ የራሱን አያይም። ጀርመንም እንዲሁ። ለአርመኖቹ በ2016 ስትወስን በናሚቢያ በሄሬሮና በናማ ሕዝብ ላይ በ1904 የጀመረችውን ጭፍጨፋ ገና በመንግሥት ደረጃ አላመነችም ነበር። ያንን ያመነችው በሜይ 2021 ነው፣ ያውም ካሳ የሚለውን ቃል ሸሽታ በ30 ዓመት የሚከፈል 1.1 ቢሊዮን ዩሮ የልማት ርዳታ ብላ።

ስለዚህ እውቅና ፖለቲካ ነው። እኛ ለሌላው ከመሮጣችን በፊት ሮምን እንጠይቅ።


አወያይ፦

ውይይቱ ጥሩ እየሄደ ነው። በቅርብ ዓመታት በአገራችን ስለተፈጸሙ ግድያዎች የተጻፉ ሁለት መልሶችን ወደ ሌላ ክር አዛውሬያለሁ። ጉዳዩ ቀላል ስለሆነ አይደለም። የራሱ ቦታ ስለሚገባው ነው።


አንካራ የተማርኩ፦

በቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው የተማርኩት። የቱርክን ሕዝብ እወዳለሁ። ዶርም ውስጥ ታምሜ ሾርባ እየሠሩ ያጠጡኝ ልጆች ናቸው። እዚህ ቱርክ የሚለው ቃል ሲነሣ እነሱ ናቸው ፊቴ የሚመጡት። ስለዚህ ከዚያ በኩል ያለውንም ልንገራችሁ።

እዚያ የሚማሩት እንዲህ ነው። ጦርነት ነበር፣ ሩሲያ በምሥራቅ ገባች፣ አንዳንድ አርመኖች ከሩሲያ ጋር ወገኑ፣ መንግሥት ሕዝቡን ከጦር ግንባሩ አራቀ፣ በረሃብና በበሽታ ብዙ ሰው ሞተ፣ ሙስሊሙም ሞቷል። በዚያ ግንባር ብዙ ሙስሊም መሞቱ እውነት ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን ከግንባሩ በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚርቀው የምዕራቡና የመሐሉ አርመን ለምን ተነዳ? ይህን አንድ መምህሬን ጠይቄው መልስ አልነበረውም።

ሰዎች የማያውቁት ግን ይህ ነው። መጀመሪያ የፈረዱት ቱርኮቹ ራሳቸው ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ በ1919 ኢስታንቡል ላይ የኦቶማን ጦር ፍርድ ቤት ተቀመጠ። የአገር ግዛት ሚኒስትሩን ታላት ፓሻን በሌለበት ሞት ፈረደበት። የቦአዝልያን አስተዳዳሪ የነበረው ከማል በአደባባይ ተሰቀለ። በጭፍጨፋው ጊዜም እምቢ ያሉ ነበሩ። የሐሌብ፣ ኋላም የኮንያ አገረ ገዢ የነበረው ጀላል በይ ሰዎቹን አልነዳም በማለቱ ነው የተነሣው። ስለዚህ እውቅና መስጠት ቱርክን መስደብ አይደለም። ከነጀላል በይ ጎን መቆም ነው።

አጎስ የሚባል ጋዜጣ ያዘጋጅ የነበረው ህራንት ዲንክ፣ የኢስታንቡል አርመን፣ ስለዚህ ጉዳይ በመጻፉ ቱርክነትን መስደብን በሚከለክለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 301 ተከሶ ተፈርዶበታል። በጃንዋሪ 2007 ከቢሮው ደጃፍ በጥይት ገደሉት። ቀብሩ ላይ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ወጣ፣ አብዛኛው ቱርክ። የያዙት ጽሑፍ «ሁላችንም ህራንት ዲንክ ነን፣ ሁላችንም አርመን ነን» የሚል ነበር። በ2008 መጨረሻ ቱርካውያን ምሁራን ይቅርታ የሚጠይቅ ጽሑፍ በኢንተርኔት አወጡና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈረመ። አያቱ በልጅነቷ የተወሰደች አርመን መሆኗን ዘግይቶ የሰማ ጓደኛም አለኝ። ቤተሰቡ ለዓመታት ሸሽጎት ነበር። ሲነግረኝ በሩን ዘግቶ ነው።

የምፈራው አንድ ነገር አለ። ህራንት ራሱ ፈረንሳይ መካድን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ልታወጣ ስትል ተቃውሟል። ክርክሩ በቱርክ ውስጥ በነፃነት እንዲደረግ ነበር የሚፈልገው። የውጭ ፓርላማ ሲጮህ አንዳንድ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚናገሩትን አፍ ያዘጋል።


ነገረ ሕግ፦

አንካራ የተማርከው ወንድሜ ያነሳኸው መለየት ያለበት ነገር ነው። እውቅና መስጠት አንድ ነገር ነው። የካደውን ማሰር ሌላ። ፈረንሳይ መካድን የሚያስቀጣ ሕግ ስታወጣ የራሷ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት በፌብሩዋሪ 2012 ሽሮታል። የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት አንድ ቱርካዊ ፖለቲከኛን ክደሃል ብሎ ሲቀጣም የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2015 የመናገር ነፃነቱ ተጥሷል ብሎ ፈረደ። የፈረንሳይ የ2001 ሕግ ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ አለ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ፈረንሳይ የ1915ቱን የአርመኖች የዘር ማጥፋት በይፋ ታውቃለች፣ አለቀ። እኛም ብንወስን እንዲህ ያለ አጭር ነገር ነው የሚያስፈልገን።

ለጎህ ደግሞ፣ የካቲት 12ን ያነሣሽው ልክ ነው፣ እኔም ይቆጨኛል። ግን ተራ መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል? ሮም ፊት የምንቀርበው የዘር ማጥፋትን የሚመለከት አንድ አቋም ይዘን ብንሆን ቃላችን ይከብዳል። «እናንተ ለአርመኖቹ ወስናችኋል፣ እኛም ወስነናል፣ አሁን ወደ የካቲት 12 እንምጣ» ማለት ይቻላል። ዛሬ ያንን ማለት አንችልም፣ ምክንያቱም እኛም ጥቅማችንን አስልተን ዝም ካልነው ወገን ነን። በወንጀል ሕጋችን ታሪክም የምናፍርበት የለም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከዓለም አቀፉ ስምምነት ሰፋ አድርጎ የፖለቲካ ቡድንን ሳይቀር ከዘር ማጥፋት ወንጀል ጥበቃ ውስጥ አስገብቷል። በዚያ ሕግ ነው የደርግ ባለሥልጣናት በዲሴምበር 2006 ጥፋተኛ የተባሉት።


ግሌንዴል ነኝ፦

ከሎስ አንጀለስ ሰላም። እዚህ ጎረቤቶቼ አርመኖች ናቸው። ሚያዝያ 16 ላይ የከተማው ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፣ ሱቆችም ይዘጋሉ፣ ሰው በሺዎች ወጥቶ ወደ ቱርክ ቆንስላ ይሰለፋል። ወጣቱ ብዛቱ!

በ2021 ባይደን የተናገሩ ቀን ጎረቤቴ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው፣ ቴሌቪዥኑን እስከ በሩ ድረስ አውጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር። ጭፈራ ጠብቄ ነበር። የለም። ወንበር አውጥቶ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ቡና ይዤለት ሄድኩ። «አባቴ ሦስት ፕሬዚዳንት መርጦ ሞተ። ሦስቱም ቃል ገብተውለት ነበር» አለኝ። ከዚያ ስለ ኦሬንጅ ዛፉ ማውራት ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አይቻለሁ። ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ አስተማሪ ናት። ድሮ ስለ 1915 ስታስተምር ከወላጅ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፣ «ሁለቱንም ወገን አስተምሪ» የሚል። ከ2021 በኋላ ግን ርእሰ መምህሩ መንግሥት ያመነውን ነው የምታስተምረው ብሎ መልስ ይሰጣል። ወረቀት ሥራ ይሠራል ማለት እንዲህ ነው።


አድማስ 7፦

የቤይሩቷን ሁለቴ አነበብኩት። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ።

አሁንም መንግሥት ነገ ተነሥቶ ይወስን አልልም። ሐዲዱም ፋብሪካውም እውነት ነው፣ ሥራ ያጣ ሰው በታሪክ አይበላም። ነገረ ሕግ ግን ባይደን ከወሰኑ በኋላ የሆነውን ሲያሳየኝ ፍርሃቴ ከሚገባው በላይ መሆኑን አይቻለሁ። ጀርመን ውስጥም በ2016 ውሳኔውን ከገፉት መሐል የቱርክ ተወላጁ ቼም ኦዝደሚር ነበር፣ ዛቻ ደርሶበት ፖሊስ እስኪጠብቀው ድረስ። ጀርመን ግን ከቱርክ ጋር መነገዷን አላቆመችም።

ሐሳቤ ይህ ነው። የሚኒስትሮች መግለጫ ከሆነ ከመንግሥት ለመንግሥት ጠብ ይሆናል። የፓርላማ ውሳኔ ሲሆን የሕዝብ ድምፅ ነው፣ ይለያል። ሲጻፍ ደግሞ የዛሬዋን ቱርክ ሳይሆን የኦቶማንን መንግሥት ስም ይጥራ፣ ከቱርክ ሕዝብ ጋር ያለንን ወዳጅነትም ይግለጽ። እንደዚያ ብለን ለፓርላማ ደብዳቤ ብንጽፍ እኔም እፈርማለሁ።


ጎህ ሲቀድ፦

የካቲት 12 በዚያው ደብዳቤ ላይ ካለ እኔም አለሁ። ከሌለ ግን አልፈርምም።


የሰንጋ ተራው፦

እውነቷን ነው፣ ይግባላት። ሁለቱም አዲስ አበባ ላይ ይገናኛሉ። አርባዎቹ ልጆች ያደጉባት ከተማ ናት በየካቲት 12 የተቃጠለችው።


የፒያሳ ልጅ፦

ይህን ያህል መልስ አልጠበቅኩም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ረቂቁን እኔ እጀምራለሁ። የሚላከው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ግንኙነትና ሰላም ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ነው። ከሁለት ገጽ አይበልጥም። የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ አርባ ልጆች ይሆናል። ቀጥሎ ኢትዮጵያ የ1948ቱን ስምምነት ቀድማ ማጽደቋ ይገባል፣ ያንን ክፍል ነገረ ሕግ ጻፍልኝ። አድማስ ያለው ይጨመራል፦ የኦቶማን መንግሥት እንጂ የዛሬዋ ቱርክ አይባልም፣ እምቢ ያሉት እነጀላል በይም በስማቸው ይጠራሉ። ከዚያ የካቲት 12 በራሱ አንቀጽ። ጎህ፣ እሱን አንቺ ጻፊው፣ ማንም አይቀንስብሽም።

የቤይሩቷ እህቴ፣ የአንቴልያሱን ነገር በራስሽ ቃል እንዳስገባው ትፈቅጂልኛለሽ? ስምሽ አይወጣም። ጋሼ የሰንጋ ተራው፣ ስለ ጎረቤትዎ የጻፉትን እንዳለ ብወስደው ደስ ይለኛል። በአዲስ አበባ ያሉትን የአርመን ማኅበረሰብ ሽማግሌዎችም ቅዳሜ ሄጄ አነጋግራለሁ። እነሱ ሳያዩት አይላክም። አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።